ጂፕኒዋና ምላስ የተባለው ድንጋይ

ሳን ኢሲድሮ መንደር፣ ባታንጋስ
ጃንዋሪ 8 ቀን 2019

ለሄርሚንያ ማራሊት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ባሕሩን በመካከላችን ያኖረ ጌታ በባሕሩ ማዶም ይጠብቅሽ፤ በዚያ በታይዋን ፋብሪካ ዐሥሩንም ጣቶችሽን ሳያጎድል ያኑርልሽ እላለሁ። እኔና ባለቤቴ ሉዲ ደህና ነን። የእሷ ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራታል፤ የእኔ ጆሮ ግን አርባ ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥበት አልቋልና ምንም አይነግረኝም። ስልክ ደውለሽ "እንደምን አደሩ" ስትይ "ማን ሞተ?" የምልሽ ለዚህ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን አትተዪብኝ።

ለገና የላክሽው ሣጥን ደህና ገብቷል። ሳሙናውን ሉዲ ቆልፋበታለች፤ ቸኮሌቱን ጎረቤት ጨርሶታል። በሪሞት የምትነዳዋን ድንጋይ ወጪ መኪና ግን ማንም አልነካብኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ሳያት ተናድጄ ነበር። "ለስድሳ ስምንት ዓመት ሰው መጫወቻ ይላካል?" አልኩ። ሉዲ ጆሮዬ ሥር መጥታ "ያልተጎዳ ድስት ስታቃና ከምትውል ይሻላል!" ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ወርክሾፑን ከዘጋሁ ወዲህ የዚህ ቤት ድስት ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀጥቅጧል።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ዳር ያለውን፣ ምላስ የምንለውን ድንጋይ ታስታውሺያለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ልብስ ታሰጪበት ነበር። ሩፊኖ፣ ያ ድሮ እኔ ዘንድ መዶሻ ያቀብል የነበረው፣ ዛሬ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ ቦርጭ ያወጣው፣ የእነዚህን መኪኖች ማኅበር አቋቁሟል። ሜይ 15፣ በመንደራችን በዓል ቀን፣ መኪናው ምላስን የወጣለት ሰው ስሙ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እኔም የእኔን ይዤ ለሙከራ ሄድኩ። እንደ መጣች ግን አልወሰድኳትም። ያን የላስቲክ ቆብ የመሰለ አካሏን አውልቄ የራሴን ሥራ አለበስኳት፤ በዕድሜዬ ሦስት መቶ ያህል ሠርቼ ለመንገድ ያወጣኋትን ባለ ረጅም ወንበር የሕዝብ ማመላለሻ ጂፕኒ አደረግኳት። ሰዉ ሁሉ ከቦ አጨበጨበላት። ከዚያ ምላስ ላይ እኩሌታውን እንኳ ሳትደርስ ወደ ኋላዋ ተገልብጣ በጀርባዋ ተንጋለለች።

ሩፊኖ ምን እንዳለ እኔ አልሰማሁትም፤ ሉዲ ናት ቤት ስንገባ የነገረችኝ። "ማስተር ፖንሲ፣ ይቺማ ለዓይን ናት፣ ለድንጋይ አይደለችም። ለበዓሉ ከኬኮቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣታለን" ብሏል አሉ። ከኬኮቹ ጋር! የእኔ ጂፕኒዎች ሃያ ሁለት ሰውና አንድ አሳማ ጭነው የታጋይታይን ዳገት የወጡ ናቸው። ስሜ ከወጡት ጋር ካልተጻፈ ሜይ 15 ከቤቴ አልወጣም፤ ይህን ለሉዲ ነግሬያታለሁ፣ ለአንቺም እነግርሻለሁ።

ጥፋቱ የሞተሯ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስሞክር ተቃጠለ። ሲያቃስት አልሰማሁትማ፤ ያወቅሁት ሲሸተኝ ነው። ጠንከር ያለ ሞተር ላኪልኝ።

የአባትሽ የአጎት ልጅ፣ ቲዮሽ
ፖንሲያኖ ማራሊት


ሉካንግ፣ ታይዋን
ጃንዋሪ 29 ቀን 2019

ለተከበሩ ቲዮ ፖንሲ

ሩቅ ብሆንም እጅዎን ይዤ ግንባሬን አስነካለሁ፤ ምርቃትዎ ይድረሰኝ። የቲያ ሉዲን ጉልበት ማርያም ታበርታልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጣቶቼን አሁንም ስቆጥራቸው ዐሥር ናቸው።

መኪናዋን ስለወደዷት ደስ ብሎኛል። ስለ ድስቶቹ ቲያ ሉዲ ቀደም ብላ ጽፋልኝ ነበርና የላክሁትም ለዚሁ ነው፤ እንግዲህ ከታወቀ ልናዘዝ። እኔም እዚህ እሑድ እሑድ ከቼን ጋር ወደ ወንዝ እወርዳለሁ። ቼን ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቶርኖ ላይ የሚሠራ፣ ጡረታው የደረሰ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቧንቧ ነሐስ ስንጠርብ እንከርምና እሑድ ሁለታችንም መጫወቻ ተሸክመን ጭቃ ውስጥ እንገባለን። ሰው አይቶን ይስቃል፤ ቼን ግድ የለውም፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሞተር ልኬያለሁ። ከበፊቱ የፈጠነ አይደለም፤ እንዲያውም ዝግ ብሎ የሚዞር ነው። ድንጋይ ላይ ጎማው ቶሎ ከዞረ ይፈትጋል እንጂ አይነክስም። ሲያቃስት ስለማይሰሙት አንድ ዙር በነዱ ቁጥር ሞተሩን በጣትዎ ይንኩት። ጣትዎን አምስት እስኪቆጥሩ ማቆየት ካልቻሉ ያሳርፉት።

ግን ቲዮ፣ ወደ ኋላ የሚጥላት ሞተሩ አይመስለኝም። ሦስት ነገር ይንገሩኝ። ጎማዎቹን በምን ነው የሚወለውሏቸው? ባትሪውን የት አስቀመጡት? የሠሩላት አካልስ ስንት ይመዝናል?

ሩፊኖ ቦርጭ ማውጣቱን ማመን አቃተኝ። ድሮ ሲሮጥ ሱሪው ይወልቅ ነበር።

የእርስዎ
ሄርሚንያ


ሳን ኢሲድሮ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2019

ለሄርሚንያ

ተባረኪ ልጄ፣ እጄን እንደሳምሽ ቆጥሬዋለሁ። ያን ቼን የሚባል ሰው ሰላም በይልኝ፤ በዚህ ዕድሜው ጭቃ ውስጥ መግባት የማያፍር ከሆነ ሰው ነው ማለት ነው።

ሞተሩ ደረሰ። ጣቴን እየነከርኩ እንደ ሾርባ እቀምሰዋለሁ፤ አልተቃጠለም።

ጎማዎቹን በምን ይወለውላሉ ብለሽ ትጠይቂያለሽ? በኮኮናት ዘይት ነዋ! በኮኮናት ዘይት ያልወዛ ጂፕኒ ይዞ ቄስ ፊት የሚቆም ምን ዓይነት ስድ ነው? አባ በጸበል ሲረጯት ጎማዋ እንደ አዲስ ጫማ ነበር የሚያብረቀርቀው። ይህንኑ ለሉዲ ስነግራት ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። "ፖንሲያኖ፣ ቅባት ተቀብታ ነዋ የምትንሸራተተው!" አለችኝ። እሺ፣ ተሸነፍኩ። በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ ወሰድኳት። እውነትሽን ነው፣ አንድ ክንድ ያህል ጨመረች። ከዚያ ግን ያው ፊቷን ወደ ሰማይ አነሣችና በጀርባዋ ተኛች።

ባትሪው ከኋላ በር ሥር ነው ያለው። ኮፈኑን እንዳያበላሽብኝ ብዬ ነው።

አሁን የሚያስፈልገኝ የሚያጣብቅ ጎማና ተለቅ ያለ ባትሪ ነው። ትናንት ሩፊኖ በሞተር ሳይክሉ ሲያልፍ የኬክ ቅርጽ በእጁ አሳየኝ። መስማት ባልችል ማየት አያቅተኝም።

በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ሱማን ልልክልሽ ፈልጌ ሉዲ "መንገድ ላይ ይበላሻል" ብላ ራሷ በላችው።

ቲዮሽ ፖንሲያኖ


ሉካንግ
ማርች 8 ቀን 2019

ለተከበሩ ቲዮ

እጅዎን በግንባሬ። የሱማኑን ነገር ለቼን ስነግረው የቲያ ሉዲን ፍርድ አጽድቆታል።

ስለ ዘይቱ በጣም ስቄያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ አይቶኝ ወፈፌ መስዬዋለሁ።

ጎማዎቹን ልኬያለሁ። ለስለስ ያሉ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለውን ስፖንጅ እንዳይጥሉት፣ ድንጋዩን የሚያቅፈው እሱ ነው። ትልቅ ባትሪ ግን አልላክሁም። ትልቅ ባትሪ ትልቅ ጭነት ነው። ያለዎትን ከኋላ በር ሥር አውጥተው ወደ ፊት፣ ዝቅ አድርገው፣ ከፊት ጎማዎቹ አክስል በላይ ይግጠሙት። ትንንሽ የማርሽ ጥርሶችም ከጎማዎቹ ጋር አሉ፤ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ትንሽ ቀድመው እንዲዞሩ ያደርጋሉ። ያኔ የፊቱ ይጎትታል፣ የኋላው ይከተላል። መግጠሙ ለእርስዎ ጨዋታ ነው።

አንድ ሙከራ ይሥሩልኝ። አንድ ሜትር ጣውላ ይፈልጉ። እንዳትንሸራተት ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ቀጭን እንጨት ይቸንክሩና ያቁሟት። ከዚያ የጣውላውን የፊት ጫፍ ቀስ እያሉ ያንሡ። ጫፉ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር ሲነሣ ትገለበጣለች? የምላስንም ዳገት በዚያው ጣውላ ይለኩትና ሁለቱን ቁጥር ይጻፉልኝ።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ሃምሳ አምስት ላይ ነበር የሚገለበጠው፤ ቼን ወንዙ ዳር ተቀምጦ ሳንድዊቹን እየበላ ሲያየኝ ዋለ። አሁን ሰማንያ ደርሻለሁ።

አካሏ ስንት እንደሚመዝን ባለፈው አልነገሩኝም። ይንገሩኝ።

ሄርሚንያ


ሳን ኢሲድሮ
ማርች 26 ቀን 2019

ለሄርሚንያ

ጌታ ይባርክሽ፣ ለዚያ ለሳንድዊቹ ሰውዬም ጤና ይስጥልኝ።

ጎማዎቹ ወርቅ ናቸው። ጥርሶቹንም ባትሪውንም እንዳልሽው በአንድ ጠዋት ገጠምኳቸው፤ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩበት እንጂ ሌላ ችግር አልነበረም።

ጣውላውን አደረግሁት። ምላስ ሰባ አምስት ነው። የእኔዋ ሃምሳ ስምንት ላይ ተገለበጠች። ጣውላው ግን የጠመመ ነው፣ ሉዲ ከዶሮ ማደሪያ ላይ የነቀለችው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን አትመኚው። ደግሞ ወደ ፊት ይክበድ ማለትሽ ገብቶኛል፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ኮፈኑ ላይ በጂፕኒ ደንብ አራት የብረት ፈረስ ጌጦች ነበሯት፣ ግንባሯ እንዲከብድላት ሁለት ጨመርኩ። አሁን ስድስት ናቸው። በማግስቱ ስለካት ሃምሳ ስድስት ሆነ። ያ ጣውላ ያሳብዳል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ ከፊቷ ገመድ የሚጠቀልል መሣሪያ ነው። እሱን ከላክሽልኝ ራሷን ጎትታ ትወጣለች።

ስለ ክብደቱ የጠየቅሽኝን፣ የዓሣ ነጋዴዋ ሚዛን ተበላሽቶባት ነው። ስትጠግነው እነግርሻለሁ።

ቲዮሽ


ሉካንግ
ኤፕሪል 18 ቀን 2019

ለተከበሩና ለምወድዎ ቲዮ ፖንሲ

እጅዎን በግንባሬ። ዘግይቻለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ነው። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

በመጨረሻው ፖስታዎ ውስጥ ቲያ ሉዲ ሳትነግርዎ አንድ ፎቶ ሸጉጣልኛለች። አይቆጧት። ከኋላው "ልጄ፣ አንቺ ንገሪው፣ እኔ አልችልም" ብላ ጽፋበታለች።

ቲዮ፣ ፎቶውን ሳይ እዚያው ቶርኖው አጠገብ አለቀስኩ። አንድ ክንድ በማትሞላ ነገር ላይ ከማይዝግ ብረት እንዲያ ያለ ሥራ ይሠራል ብዬ አላስብም ነበር። ስድስቱን ፈረሶች አየሁ፤ ጋማቸው ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። መስታወቶቹን፣ ፋኖሶቹን፣ ፖርቶመጋላው ላይ የጫኗትን ትንሽ የሩዝ ጆንያ አየሁ። ግንባሯ ላይ የቲያ ሉዲን ስም፣ ከኋላ ጭቃ መከላከያው ላይ የአባቴን ስም አየሁ። ለቼን አሳየሁት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ነው የተቀበለኝ።

የምትገለበጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ለመጻፍ ነው ሦስት ወረቀት የቀደድኩት።

ከጎማዎቿ መሐል በላይ ያለ ነገር ሁሉ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከድንጋዩ ጋር ያጣብቃታል። ኮፈን ላይ የተጨመረ ፈረስ ወደ ፊት ቢሆንም ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ፊቷ ሲነሣ እሱም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጣውላው አልጠመመም። የዓሣ ነጋዴዋም ሚዛን ደህና ይመስለኛል።

ገመድ ጠቅላዩን አልላክሁም፤ ውድድር ላይ አይፈቀድም። በእሱ ፈንታ ከፋብሪካው ተራፊ ነሐስ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ሁለት ቀለበት ጠርቤልዎታለሁ። ከፊት ጎማዎቹ ውስጥ፣ ቸርኬው ላይ ይግጠሟቸው። መጀመሪያ የመጣችበትን የላስቲክ አካል መልሰው ያልብሷት። ምላስን ትወጣለች፣ እርግጠኛ ነኝ።

መዶሻዎን ያስቀምጡ እያልኩዎ አይደለም። ይህን እንዲያምኑኝ እለምንዎታለሁ። የምፈራው ወርክሾፑን እንደዘጉ ሰሞን እንደገና ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ እንዳይውሉ ነው።

ሄርሚንያ


ሉካንግ
ሜይ 7 ቀን 2019

ለተከበሩ ቲዮ

እጅዎን በግንባሬ።

መልስ አልመጣም። ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ቆይቼ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ቲያ ሉዲ ጋ ስደውል "ደህና ነው፣ ከጓሮ አይወጣም" ብላ ዘጋችብኝ፤ እዚያ ምን እንደሚያደርጉ ግን አልነገረችኝም።

ተቀይመውኝ ከሆነ ይቆጡኝ፣ ግን ይጻፉልኝ። ሜይ 15 ላይ ምንም ይሁን ምን ከቤት ይውጡ። አካሏም እንዳለች ትሁን፣ አልወጣችም ተብላ ጠረጴዛ ላይም ትቀመጥ። ቲያ ሉዲ ብቻዋን ወደ በዓሉ ስትሄድ ማሰብ አልወድም።

ሄርሚንያ


ሳን ኢሲድሮ
ሜይ 18 ቀን 2019

ለልጄ ለሄርሚንያ

ከነዐሥር ጣቶችሽ፣ ከነምላስሽ ተባረኪ። ምላስ የምልሽ የአፍሽን ነው፤ ስለታም ነው። ይህ ደብዳቤ ይረዝማልና ምሳሽን በልተሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። የአካሏ ክብደት አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ሃምሳ ግራም ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዓሣ ነጋዴዋ ሚዛን አንድ ቀንም ተበላሽቶ አያውቅም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ራት አልበላሁም። "ቶርኖ የነካች ልጅ ባቲላሜራ ልታስተምረኝ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሉዲ ሳህኑን አነሣች፤ ፎቶውን ሸጉጣ የላከችው እሷ መሆኗ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ቀን ልብሴን የት እንዳስቀመጠች ስላላወቅሁ ታረቅን።

ከዚያ ያልሽውን አደረግሁ። የነሐስ ቀለበቶችሽን ገጥሜ፣ የላስቲክ ቆቧን አልብሼ ጣውላው ላይ አቆምኳት። ሰባ ዘጠኝ! ማንም ሳያየኝ በጠዋት ምላስ ወስጃት አንድ ጊዜ ሳትደናቀፍ ወጣች። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። በዚህ ቆብ ወጥቼ ስሜ ቢጻፍ፣ የተጻፈው የማን ስም ነው? የፋብሪካው ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥም ለእኔ ያው፣ በቆብ ብትወጣም ለእኔ ያው ሆነብኝ። በዚያን ቀን ነው እንደምትፈሪው ግድግዳ ሳይ የዋልኩት፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ግን።

በማግስቱ ሉዲ ለሩዝ ወደ ሊፓ ገበያ ሰደደችኝ። ስመለስ የተሳፈርኩባት ጂፕኒ የእኔ ሥራ ነበረች፤ የማን ብየዳ እንደሆነ እጄ ያውቀዋል። አንዱ ተሳፋሪ ሦስት ጆንያውን ፖርቶመጋላው ላይ ሊሰቅል ሲል ሾፌሩ ወርዶ እጁን ያዘው። ከከንፈሩ አነበብኩት፦ "ዳገት አለብን አባቴ፣ ከላይ አይሆንም፤ ከፊት ወለሉ ላይ አስተኛው።" ጆንያዎቹ ከእግሬ ሥር ተኙ፣ ሰዎቹም ወደ ፊት ተጠጉ፣ ዳገቱን ወጣን። ሄርሚንያ፣ አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ፖርቶመጋላ እሠራለሁ፣ ሾፌሮቹ ደግሞ ዳገት ሲደርሱ ዕቃውን ያወርዱታል። አይቼዋለሁ። ሥራዬን የናቁብኝ እየመሰለኝ ዘወር እል ነበር እንጂ።

ቤት እንደገባሁ ሉዲን "ቆርቆሮ አምጪልኝ፣ የለስላሳና የቢራ" አልኳት። "ሰው ገና አልጠጣውም" አለች። "ይጠጣላ!" አልኳት። ጎረቤት ሁሉ ለእኔ ሲል ሳይጠማው ጠጣ። ያን ቀጭን ቆርቆሮ ሰንጥቄ፣ በእንጨት መዶሻ እየዳሰስኩ እንጂ እየመታሁ ሳይሆን፣ ጂፕኒዋን እንደገና ሠራኋት። ብረት ስትቀጠቅጪ ብረቱ ይታገልሻል፤ ይሄኛው ደግሞ ትንፋሽ ሲነካው ይጎብጣል። አምስት አካል አበላሽቻለሁ። ስድስተኛው መቶ ሃያ ግራም መጣ። ስሞቹን በቀለም ጻፍኩ፤ አባትሽም ቦታው ላይ ነው። ከጎማዎቹ በላይ የሚያነጥሯትን ሾኮቿንም ዝቅ አደረግሁ፤ ለውበት ብዬ ከፍ አድርጌያቸው ነበር፣ ይህን ደግሞ አልጠየቅሽኝም።

ፈረሶቹ ግን ገና ቀሩኝ። ያለ ፈረስ የወጣ ጂፕኒ ሠርቼ አላውቅም፣ አልሠራምም። ስለዚህ ከአሮጌ መኪና የወጡ የነሐስ ቡሾች፣ የዘንግ ማቀፊያዎቹን፣ አቅልጬ፣ በወንዝ አሸዋ ቅርጽ አውጥቼ፣ አራት ፈረስ አፈሰስኩ። የሚጋልቡ አይደሉም። ድንጋይ እንዳይነካቸው እግራቸውን አጥፈው፣ አንገታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው የተኙ ናቸው። ከፊት አክስሉ ግራና ቀኝ፣ ከሥር፣ ሁለት ሁለት አድርጌ በብሎን አሰርኳቸው። ለማንም አይታዩም። ሉዲ "ታዲያ ጋማውን ለማን ብለህ ትፈለፍላለህ?" ስትለኝም ፈለፈልኩት። ጣውላው ላይ ሰማንያ አራት መጣች። ለዚያ ለቼን ንገሪው፣ ሳንድዊቹን ያስቀምጥ።

ዝም ያልኩሽ ስለዚህ ነው። መጀመሪያ ተቆጥቼ፣ ኋላ ደግሞ ሳላሳይሽ መናገር ጠልቼ ነው። ጥፋት ነው፣ ይቅር በዪኝ።

በበዓሉ ቀን ሩፊኖ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀበለኝ። "ማስተር፣ ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል!" አለ፣ እኔ እንድሰማው አፉን ከፍቶ። ያንን የማይዝግ ብረት አካል ከነስድስት ፈረሱ ከጆንያ አውጥቼ ከኬኮቹ መሐል አስቀመጥኩለት። "ይኸው ለዓይንህ። እኔ ደግሞ ወደ ድንጋዩ ልሂድ" አልኩት። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ሦስት ሙከራ ነው የሚሰጠው። ሉዲን ከኋላዬ አቁሜ "ሞተሩ ሲያቃስት ትከሻዬን ጨብጪ፣ ሲሻለው ልቀቂ" አልኳት። በመጀመሪያው ቸኮልኩና ጎማው ፈተገ፣ ተንሸራታ ወረደች። በሁለተኛው እስከ ምላስ ጫፍ ደረሰች፤ እዚያ ያለችውን ከንፈር የመሰለች ጠርዝ ሳታልፍ በጎኗ ወደቀች። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በእጅጌዬ ጠረግሁና ሪሞቱን እንደገና ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀስ አልኩ። ከንፈሯ ጋ ስትደርስ ሉዲ ጨበጠችኝ፤ ሪሞቱን አላላሁ። ለቀቀችኝ፤ ለመኪናዋ ጥቂት ጉልበት ሰጠኋት። እንደገና ጨበጠችኝ። የፊት ጎማዋ ከንፈሩን ነካ፣ ነከሰ፣ ፊቷ አልተነሣም። ተጣብቃ ቀረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ላይ ታጠፈችና አለፈች። ሉዲ ትከሻዬን ግን አልለቀቀችውም፤ ዛሬም እንደበለዘ ነው።

ምላስን ከወጡት ሰባት ሰዎች ስድስተኛ ሆኜ ተጻፍኩ። ፖንሲያኖ ማራሊት ይላል። ሄጄ በጣቴ ነካሁት፣ ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሩፊኖ መጣ። መኪናዋን ዞሯት፣ ኮፈኗን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና የቢራ ቆርቆሮ መሆኑን ሲያውቅ ሳቀ። "ታዲያ ግንባሯን ወደ ታች የያዘው ምንድን ነው? ከሥር ምን አስረውባት ነው ማስተር?" አለኝ። "ከፈለግህ እይ፣ ግን አንሥተህ አይደለም፤ ገና አልቀዘቀዘችም" አልኩት። ምን ይመስልሻል? ከነነጭ ሸሚዙ እዚያ እርጥብ ድንጋይ ላይ በሆዱ ተኛ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዘወር ሳይል እጁን ወደ ኋላ እያወዛወዘ ሌሎቹን ጠራቸው። አንዱ በግራ ተኛ፣ አንዱ በቀኝ፣ ስድስቱም ስማቸው የተጻፈ ሰዎች አገጫቸውን ድንጋይ ላይ አድርገው ሲያዩ፣ የአንዱ ከንፈር "ጋማ አለው እኮ!" ሲል አነበብኩት። አርባ ዓመት ሰዉ ሥራዬን ቆሞ አይቶ፣ ተሳፍሮ ሲሄድ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ ያየልኝ እንኳ አልነበረም። እኔም የምደገፍበትን ዱላ ለሉዲ ሰጠሁና አጠገባቸው ተኝቼ አብሬ አየሁ።

ቲዮሽ
ፖንሲያኖ ማራሊት